ኦርኪድ ስለ መክፈል

አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ለዚህ እትም ስለ ምን እንደምጽፍ ጠይቆኝ፣ ስለ ኦርኪድ አበባ አከፋፈል ነው ብዬ ብመልስለት፣ የጤፍ ዋጋ እንዲህ ባሻቀበበት ዘመን ስለ አበባ የሚጽፍ ሰው ሆዱ የሞላ መሆን አለበት ሲል ነቀፈኝ። ነቀፋው የሚናቅ አይደለም። ኦርኪድ በታሪኩ የባለጸጎች ጨዋታ ነበርና። ነገር ግን እኔ ልናገርለት የፈለግሁት ኦርኪድ በባለጸጋ ቤት አላደገም፤ ያደገው አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ በረንዳ ላይ፣ በተሰነጠቀ የጠላ ጋን ውስጥ ነው። ስለዚህ ጓደኛዬም ቢሆን እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በሰፊው የታወቀ የአማርኛ ስም ስለሌለው እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ ኦርኪድ እንለዋለን። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ግሪኮች ይህን ስም ያወጡለት ከመሬት በታች ያሉትን ሁለት ድቡልቡል ሥሮቹን አይተው ነው። ምን መስለዋቸው እንደሆነ በዚህ ጨዋ መጽሔት ላይ አልጽፍም፤ የፈለገ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መዝገበ ቃላት ይግለጥ። ቤተ ሰቡ እጅግ ሰፊ ነው፤ በዓለም ላይ ወደ 28,000 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉት። በአገራችንም ከ150 የሚበልጡ ይገኛሉ፤ ከፊሎቹ በደቡብና በምዕራብ ደኖች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ በክረምት ከረግረግ ሣር መካከል ብቅ ይላሉ። እነዚህን የአገራችንን ኦርኪዶች ከጫካ ነቅሎ በቤት ማሳደግ አይገባም እላለሁ፤ በደናቸው ውስጥም ቢሆን ኑሯቸው ያሠጋል።

አሁን ወደ ባለጸጎቹ ልመለስ። (ዓመቶቹን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ የምሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1833 የእንግሊዝ ስድስተኛው የዴቮንሺር መስፍን በአንድ የአበባ ትርኢት ላይ ቢራቢሮ የሚመስል ኦርኪድ አይቶ ልቡ ስለ ተነጠቀ፣ ቻትስዎርዝ በሚባለው ርስቱ ላይ ጆሴፍ ፓክስተን የተባለውን አትክልተኛውን አዝዞ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የበለጠ የኦርኪድ ስብስብ አከማቸ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ወረርሽኝ ሆነ። ሴንት ኦልባንስ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የነበረው ነጋዴ ፍሬደሪክ ሳንደር ለቃሚዎችን በየአህጉሩ ይልክ ነበር። የዚያ ዘመን ለቃሚዎች በኮሎምቢያ ተራሮች ላይ፣ በቅርንጫፉ ላይ ያለውን ተክል ለማውረድ ሲሉ ዛፉን ራሱን ከሥሩ ይቆርጡት ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ዛፍ እንዲህ ወድቋል። ምርጥ የተባለው አንዱ ተክል በለንደን ጨረታ በመቶዎች በሚቆጠር ጊኒ ይሸጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ዋጋ የመጣው ከምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል፤ የጽሑፌ ፍሬ ነገርም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንድ ፍሬ በመቶ ሺህ የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን የሚያልፍ ዘር ይይዛል፤ ነገር ግን ዘሩ እንደ ባቄላ ወይም እንደ ስንዴ ስንቅ አልተቋጠረለትም። ስንቅ የሌለው ስለሆነ ብቻውን ሊበቅል አይችልም። አትክልተኞች ለብዙ ዓመታት ዘሩን እየዘሩ ከሺህ አንዱ እንኳ ሳይበቅልላቸው ግራ ይጋቡ ነበር። በ1899 ኖኤል ቤርናር የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ፣ ዘሩ ሊበቅል የሚችለው ከአፈር የሚገኝ አንድ ዓይነት ሻጋታ ገብቶ ሲመግበው መሆኑን ገለጠ። በ1922 ደግሞ ሉዊስ ነድሰን የተባለ የአሜሪካ ሊቅ ሻጋታውን ትቶ በብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ስኳር ያለበትን ምግብ አዘጋጅቶ ዘሩን አበቀለ።

ይህም ቢሆን ችግሩን ሙሉ በሙሉ አልፈታውም፤ ከዘር የበቀለ ልጅ ከእናቱ ይለያልና። አንድን ምርጥ ተክል በመልኩም በባሕርይውም ሳይለወጥ ለማብዛት የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም መክፈል ነው። ተክሉ እስኪሰፋ ሦስት ወይም አራት ዓመት ጠብቆ በቢላዋ ለሁለት መቁረጥ፣ እንደገና ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ። በዚህ አኳኋን ከአንድ ተክል አሥር ለማግኘት የአንድ ሰው ጕልምስና ያልቃል። ዋጋው የተሰቀለው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1960 ዦርዥ ሞረል የተባለው ፈረንሳዊ የሲምቢዲየምን የቡቃያ ጫፍ በጠርሙስ ውስጥ አሳድጎ ማብዛት እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ግን፣ አንዱን ተክል በሺዎች ማባዛት ቀላል ሆነ። የመስፍኖቹ አበባ ዛሬ በየገበያ አዳራሹ የሚሸጠው ስለዚህ ነው። መክፈል ግን ላቦራቶሪ ለሌለው ሰው ቀረ፤ ቢላዋና ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋልና።

ለነገሩ መክፈል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የማንኛችንም አያት ጠጅ ሣር ሲጠቀጠቅና መካከሉ ሲደርቅ ነቅላ፣ ገንጥላ፣ ግማሹን ለጎረቤት ሰጥታ ግማሹን መልሳ ትተክላለች። የጉራጌ ገበሬም እንሰትን ሲያበዛ ግንዱን ቆርጦ የመካከሉን እንቡጥ አውጥቶ መልሶ ይቀብረዋል፤ ከዚያ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይወጣል። ኦርኪዱ ከነዚህ የሚለየው ዝግ ያለ በመሆኑና ጥፋትን ቶሎ የማይናገር በመሆኑ ነው። ተጎድቶም ዓመት ሙሉ አረንጓዴ መስሎ ሊቆይ ይችላል።

አክስቴ የነበራት ኦርኪድ ከላይ ስሙን የጠቀስሁት ሲምቢዲየም ነው። ስሙን በ1799 ያወጣለት ስዊድናዊው ኦሎፍ ሽዋርትስ ነው፤ የአበባው ከንፈር የጀልባ ቅርጽ ስላለው ከግሪክኛው የጀልባ ስም ወሰደ። ቻይናውያን ግን ከእርሱ በፊት ከ1,000 ዓመት በላይ በማሰሮ ሲያሳድጉት ኖረዋል፤ በ13ኛው ምዕተ ዓመትም ስለ አስተዳደጉ መጽሐፍ ጽፈዋል። ትልልቅ አበባ ያላቸው የዛሬዎቹ ድቅሎች ወላጆች በአብዛኛው የሂማላያ ግርጌ፣ የበርማና የቬትናም ደጋ ልጆች ናቸው። እንግዲህ የሂማላያን አየር አስቡት፤ ከባድ የክረምት ዝናብ፣ ቀጥሎ ደረቅና ፀሐያማ በጋ፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ። የአዲስ አበባ አየር አይደለምን? ሲምቢዲየም የአበባ ዘንግ እንዲያወጣ ሌሊቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ድረስ ዝቅ ማለት አለበት። በቆላ አገር ያሉ ሰዎች በዚህ ምክንያት ቅጠል ብቻ ሲያሳድጉ ይኖራሉ። የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ፣ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ የምንማረርበት ያው ብርድ፣ ለዚህ ተክል መድኃኒቱ ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። በአንድ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ወጥ ትሠራ ነበር፤ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሌላው ዕቃ ሲሸጥ ይህ አንድ ማሰሮ ስለ ቀረ ለእርሷ ሰጧት። ያን ጊዜ እኔ አልተወለድሁም። ማሰሮው ሲጠበው፣ ቂጡ ተሰንጥቆ ጠላ መያዝ ያቃተው አንድ ጋን ነበራትና የአፉን ጠርዝ ሰብራ አስፍታ እርሱን አዛወረችበት። ስንጥቁ ውሃ ያወርዳል፤ ኦርኪድ ከሁሉ የሚጠላው ደግሞ ውሃ የሚቋጥር ማሰሮ ነውና ሳታውቀው የሚገባውን አደረገች። ከሥሩም የከሰል ስባሪ ጨመረችበት። በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት ድረስ ሐመር ቢጫ አበባ፣ ከንፈሩ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት፣ ሁለት ወር ሳይረግፍ ይቆይ ነበር። የሠፈሩ ሰው ፕላስቲክ ነው ብሎ እየመጣ በጣቱ ይነካው ነበር።

አክስቴ ከሞተች ዓመት አልፏል። ከመሞቷ በፊት አራት ዓመት ታማ ስትተኛ ያስታመመቻት የመጨረሻ ልጇ ናት። በነዚያ ዓመታት ጋኑን የነካው አልነበረም፤ ውሃ ብቻ ይጠጣ ነበር። ላለፉት ሁለት ዓመታት አላበበም። ሥሮቹ ከጋኑ አፍ ወጥተው በውጭ በኩል እንደ ገመድ ተንጠልጥለዋል፤ መካከሉ መላጣ ሆኖ አሮጌ ራሶች ብቻ ቀርተውበታል፤ ቅጠሉ ወደ ጠርዝ ተገፍቶ ዙሪያውን ቆሟል። በዚያ ላይ ሠፈሩ ለልማት የሚፈርስ በመሆኑ ቤቱን የመልቀቂያው ቀን ተቆርጧል።

ልጆቿ ሦስት ናቸው። ታላቁ ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሁለተኛዋን እቴቴ እንላታለን፤ ዋሽንግተን ከተማ ከሄደች 16 ዓመቷ ነው። ሦስተኛዋ ያስታመመችው ናት። የሚካፈሉት ቤትም መሬትም አልነበረም። ልብሱ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ጀበናና ረከቦቱ ለታናሺቱ ቀረ፤ ወርቅ የሚባል ነገር አልተገኘም። ስለዚህ ሦስቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ይኸው ተክል ብቻ ሆነ። ሰው በመሬት ሲጣላ ሰምታችኋል፤ እኔ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በአንድ ጋን ላይ ለሁለት ወር ሳይነጋገሩ ሲቀሩ አይቻለሁ።

የጋሼ ሐሳብ ተክሉ መነካት የለበትም የሚል ነው። «የእማዬ እጅ ነው ያሳደገው፤ ሌላ እጅ ከነካው ይሞታል። ከነጋኑ ወደ እኔ ይምጣ» አሉ። ታናሺቱ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አራተኛ ፎቅ ድረስ እንዴት ያወጡታል? ደግሞስ ሳይከፈል እየሞተ አይደለም ወይ?» አለች። እቴቴ በስልክ፣ ከሁሉም ነገር የእማዬን አበባ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ እንደምትፈልግ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጥታ በሻንጣዋ ይዛው እንደምትሄድ ተናገረች። የባዮሎጂ ተማሪ ነው በሚል እኔን ጠሩኝ። ባዮሎጂ የሚማር ሰው ተክልም ሕመምተኛም ውሻም ማከም ይችላል ተብሎ እንደሚታመን የክፍል ጓደኞቼ ያውቁታል።

ለጋሼ ያስረዳሁት እንዲህ ነበር። ሲምቢዲየም እንደ ዛፍ በአንድ ግንድ ወደ ላይ አያድግም፤ በአፈሩ ላይ እየተሳበ ወደ ጎን ይሄዳል። በየዓመቱ ከፊተኛው ጫፉ አንድ እንደ ሽንኩርት ራስ ያበጠ ግንድ ያወጣል፤ እኔ ራስ ብዬዋለሁ። ያ ራስ ቅጠል ይይዛል፣ ውሃና ምግብ ያከማቻል፣ አንዴ ካበበ በኋላ ዳግመኛ አያብብም፤ ቅጠሉን እያራገፈ ለቀጣዩ ስንቅ ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ ተክሉ ሁልጊዜ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚራመድ መንገደኛ ነው። የጋኑ ግድግዳ ላይ ሲደርስ መንገዱ ያልቃል። ከሥሩ ያለው ከሰልና ቅርፊትም ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በስብሶ ጭቃ ይሆናል፤ የኦርኪድ ሥር ደግሞ በነጭ ስፖንጅ መሰል ልብስ የተሸፈነ፣ አየር የሚፈልግ ሥር ስለሆነ በጭቃ ውስጥ ይታፈናል። ስለዚህ «ጋሼ፣ አክስቴም ብትኖር ትከፍለው ነበር» አልኋቸው። ይህ የመጨረሻው ቃል ከሳይንሱ ሁሉ ይልቅ ሠራ።

በነገራችን ላይ፣ በአበባ መሸጫ ሱቆች ለስጦታ የሚሸጠው፣ ሰፋፊ ቅጠልና እንደ ቢራቢሮ የተዘረጋ አበባ ያለው ፋላኖፕሲስ እንዲህ አይከፈልም። እርሱ አንድ ግንድ ብቻ ስላለው ለሁለት የቆረጠው ሰው ሁለት ሬሳ ያገኛል። ለምርቃት የተሰጣችሁ ካላችሁ ቢላዋችሁን መልሱ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ተሰበሰብን። ጊዜው የተመረጠው በምክንያት ነው፤ አዲሱ ቡቃያ የጣት ቁመት ያህል ሲሆንና አዲስ ሥር ሊያወጣ ሲል የተከፈለ ተክል ቶሎ ይነሣል፤ ደግሞም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቁስሉ መድረቅ አለበት። ጋኑን አጋድመን ለመምዘዝ ሞከርን፤ ንቅንቅ አላለም። ሥሩ የጋኑን ውስጥ እንደ ስፌት ለብሶታል። መሰበር እንዳለበት ሁላችንም አውቀናል፤ መዶሻውን የሚያነሣ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ያነሡት ጋሼ ናቸው። ሁለት ጊዜ መቱት፤ ተከፈለ። ታናሺቱ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ዐይኗ ቀልቶ ነበር፤ ስለዚህ ነገር የተናገረ ሰው የለም። ስባሪውን ግን አንዷን ሳታስቀር ለቀመች።

የወጣው የሥር ክምር የጋኑን ቅርጽ እንደ ያዘ ቆሞ ነበር። በባልዲ ውሃ ካራስነው በኋላ በጣታችን ፈታን፤ ሁለት ሰዓት ወሰደብን። ጤነኛው ሥር ነጭና ጠንካራ ነው፤ የሞተው ቡናማና ባዶ፤ ሲስቡት ልብሱ ወልቆ ቀጭን ክር ይቀራል። የሞተውን ሁሉ ቆርጠን ጣልን። ከዚያ ራሶቹን ቆጠርሁ፤ 31 ሆኑ። ቅጠል ያላቸው 20፣ በመካከል ያሉት ቅጠል የለሽ አሮጌዎች 11።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የከበደው። 20ን ለሦስት ማካፈል በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት። ጋሼም ያሉት ይህን ነበር። ተክሉ ግን ወረቀት አያነብም። ከአሮጌው መካከል አራት መስመሮች ወደ አራት አቅጣጫ ወጥተዋል፤ በአንዱ መስመር ስምንት፣ በሁለተኛው ስድስት፣ በሦስተኛው አራት፣ በአራተኛው ሁለት ራስ አለ። አሮጌዎቹ ደርቀው ግንኙነቱ ስለ ሳሳ ተክሉ ከእኛ በፊት ራሱን ከፍሏል ማለት ይቻላል። የሚቆረጠው በነዚህ መስመሮች መካከል ነው። ድርሻ ለማስተካከል ሲባል ከስምንቱ አንዱን ወስዶ ለሌላው ማድረግ፣ ሁለቱንም ማቍሰል ነው። ደግሞም አንድ ቁራጭ ቢያንስ ሦስት ራስ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በታች የሆነ ቁራጭ እንደ ማኅበራችን ንዑሳን ኮሚቴዎች ነው፤ አይሞትም፣ አያብብም፣ ዓመታት ያስቆጥራል።

ስለዚህ ባለ አራቱንና ባለ ሁለቱን በአንድ ማሰሮ፣ ጀርባቸውን አገናኝቼ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጌ ለመትከል ሐሳብ አቀረብሁ። በዚህ አኳኋን ድርሻው ስምንት፣ ስድስት፣ ስድስት ይሆናል። ስምንቱ ለማን ይሁን? ታናሺቱ ቀስ ብላ፣ «እኔ በሌላው ነገር ሁሉ ምንም አልጠየቅሁም» አለች። ጋሼ ዝም አሉ። ፍርድ ብጠየቅ ስምንቱን ለእርሷ እሰጥ ነበር፤ አራት ዓመት ሌሊትና ቀን ማስታመም ከሁለት ራስ ኦርኪድ ይበልጣልና። ነገር ግን የተጠራሁት ለቢላዋው እንጂ ለዳኝነት አልነበረም። ጋሼ፣ አባቶቻችን ርስት ሲካፈሉ እንደሚያደርጉት ዕጣ ይጣል አሉ፤ እርሷም አልተቃወመችም። ጋሼ የበራቸውን ቍልፍ፣ ታናሺቱ ቀለበቷን፣ ለእቴቴ ደግሞ እኔ እስክርቢቶዬን ሰጠሁ። የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ በየድርሻው ላይ አስቀመጠ። እስክርቢቶዬ በስምንቱ ላይ ዐረፈ።

እቴቴ በስልክ ስትሰማ ነበር፤ እዚያ ገና ሌሊት ነው። ለአፍታ ዝም ብላ ቆየችና ሣቀች፤ ቀጥሎም አለቀሰች። እኔም የምጠላውን ነገር ያን ጊዜ ልነግራት ግድ ሆነብኝ። ኦርኪዶች በጠቅላላው ሳይቴስ በሚባለው፣ በመጥፋት ላይ ስላሉ አራዊትና ዕፀዋት ንግድ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተመዝግበዋል። ስምምነቱ የተፈረመው በ1973 እርሷ በምትኖርበት በዋሽንግተን ከተማ ነው። ፈቃድና የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሳይኖር አንድም ራስ በሻንጣ ይዞ መሻገር አይቻልም፤ አፈር ያለበት ሥርማ ጭራሽ አይገባም። የጉምሩክ ሰው ካገኘው ይወስደዋል። «የእናቴ አበባ ነው ብዬ ብነግራቸውስ?» አለች። ሕጉ የተጻፈው ያን ቻትስዎርዝንና ያን የኮሎምቢያ ዛፍ ለመሰለ ነገር እንጂ ለእርሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሕግ ግን ሻንጣን እንጂ ሐዘንን አይፈትሽም። ወረቀቱን እንደምጠይቅ ቃል ገባሁላት።

የቆረጥሁት እንዲህ ነው። ቢላዋውን በከሰል እሳት ላይ ትኩስ እስኪሆን ይዤ፣ አቀዝቅዤ፣ አንድ መስመር በቆረጥሁ ቍጥር እንደገና ወደ እሳት መለስሁት። ይህ ወግ ለማሳመር አይደለም። የሲምቢዲየም ሞዛይክ የሚባል ቫይረስ አለ፤ በተክሉ ጭማቂ አማካይነት በቢላዋ ስለት ላይ ተሳፍሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከገባም መድኃኒት የለውም። ከአንድ ተክል በተገኙ ቁራጮች መካከል ብዙ ለውጥ ባያመጣም፣ ቢላዋው ትናንት ምን እንደ ቆረጠ ማን ያውቃል? በተቆረጠው ቁስል ላይ የቀረፋ ዱቄት ነሰነስሁ፤ ሻጋታን ይከለክላል። ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ እስከ ማግሥቱ በጥላ ሥር አሳደርነው።

መትከያው ዋናው ነገር ነው። በውጭ አገር የጥድ ቅርፊት በከረጢት ተሞልቶ ይሸጣል። እኛ የተጠቀምነው ከቢሾፍቱ አካባቢ የሚመጣውን፣ ለግንባታ የሚውለውን ቀይ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በወንፊት ነፍተን፣ የባቄላ ፍሬ ከሚያህለው እስከ ሎሚ ግማሽ የሚያህለውን ለይተን፣ በደንብ ታጥቦ፣ ከከሰል ስባሪና ከደረቀ የጥድ ቅርፊት ጋር ቀላቅለን ነው። ጥሩ አፈር ነው ብሎ ጥቁር አፈር የሚጨምርበት ሰው በአንድ ክረምት ይቀብረዋል። ከሦስቱም የሸክላ ማሰሮዎች ሥር ታናሺቱ የለቀመችውን የጋን ስባሪ ለውሃ ማሳለፊያ አደረግን። ማሰሮው ትልቅ መሆን የለበትም፤ ከፊተኛው ራስ እስከ ጠርዙ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር፣ ማለት የሁለት ዓመት መንገድ ይበቃል። ሲጠበው ያብባል። ጋሼ የገዙት ማሰሮ ልብስ ማጠቢያ የሚያህል ስለ ነበር መልሰን ልከናቸው ቀይረው መጡ።

አሥራ አንዱ አሮጌ ራሶችም አልተጣሉም። ቅጠል ባይኖራቸውም በጎናቸው የተኛ ዐይን አለ፤ ርጥብ ነገር ላይ በጥላ ቢቀመጡ አንዳንዱ ይነቃል። ቡና ለመጠጣት የመጡት ጎረቤቶች አንድ አንድ ወሰዱ። ሠፈሩ ስለሚበተን ወዴት ወዴት እንደ ሄዱ ሁሉንም አላውቅም፤ አንዱ ለቡ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ መድረሱን ሰምቻለሁ። እኔ ያስቀረኋቸው ሦስት ሲሆኑ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሁለቱ ቡቃያ አወጡ። እስኪያብቡ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃሉ፤ ያን ጊዜ ከዚህ ግቢ ወጥተን ሥራ ፈላጊዎች እንሆናለን።

አሁን ያለበትን ልንገራችሁ። ሳይነካ ይቅር ሲሉ የነበሩት ጋሼ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደውሉልኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠሉ ስለ ተሸበሸበ ደንግጠው ነበር፤ አዲስ ሥር እስኪያወጣ ውሃ ማሳነስ፣ ቅጠሉን ግን ጧት ጧት በውሃ ማርጠብ እንደሚበቃ ነገርኋቸው፤ እነሆ ሁለት አዲስ ራስ ይዟል። በረንዳቸው የጧት ፀሐይ ስለሚያገኝ ቅጠሉ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ሆኗል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጥቍር አረንጓዴ ቅጠል ያማረ ይመስላል እንጂ ብርሃን እንዳነሰው ማስረጃ ነው፤ አያብብም። የታናሺቱ ድርሻ በክረምቱ አንድ ራስ በስብሶበት ነበር፤ የተከራየችው ክፍል ጣራ በዚያ በኩል ያንጠባጥባል። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ቆርጣ፣ ቀረፋ ነስንሳ፣ ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወረችው፤ ይህንም ያደረገችው እኔን ሳትጠይቅ ነው። ከጋሼ ጋር መነጋገር ጀምረዋል፤ የሚነጋገሩት ስለ ጠጠር መጠን ቢሆንም።

የእቴቴ ስምንት ራስ በእኛ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ስለ ፈቃዱ ሁለት መሥሪያ ቤት ሄጃለሁ፤ አንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ አንደኛው መርቶኛል። በመጨረሻ አንድ ትሑት ሠራተኛ የሚያስፈልገውን ወረቀት ዘርዝረው ጻፉልኝ፤ ሥሩ ከጠጠር ሁሉ ታጥቦ፣ ተመርምሮ፣ በርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ መሄድ አለበት። እቴቴ የምትመጣው በሚቀጥለው ጥር ነው። እስከዚያው የምታጠጣው እናቴ ናት። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል ብዬ ነግሬያታለሁ፤ እሺ ትለኛለች፤ ከማሰሮው ሥር ካለው ርጥበት ግን ሁለት ጊዜ እንደምታጠጣው አውቃለሁ።